የልጆች እራት ፀሐይ ሳትጠልቅ፦ በባሕር ዳር ትንንሽ ልጆች ያሉበትን ቤት ምሽት እንዴት ማደራጀት ይቻላል

በባሕር ዳር ትንንሽ ልጆች የሚያሳድግ ቤተሰብ በቀኑ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ጊዜ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለው ነው። ልጆች ከጎረቤት ደክመው የሚገቡት፣ ወላጅ ከሥራ የሚመለሰው፣ የእራቱ ሽንኩርት የሚከተፈው፣ መብራት ድንገት የሚጠፋው፣ ቢንቢም ከየጥጉ የሚወጣው በእነዚህ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ነው። ይህ ጊዜ ከተበላሸ ሌሊቱ ይበላሻል፤ ሌሊቱ ከተበላሸ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ልጅን ከአልጋ ማስነሣት፣ ማልበስና ቁርስ ማጉረስ ትልቅ ትግል ይሆናል።

እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ 4 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ደግሞ 1 ዓመት ከ6 ወር ሆኖታል። ቤታችን አባይ ማዶ ስለሆነ ባለቤቴ ድልድዩን ተሻግሮ ከሥራ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ለረጅም ጊዜ እርሱን እየጠበቅን እራት እንበላ ስለነበር ልጆቹ የሚተኙት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር፤ ያውም ትንሹ እያለቀሰ፣ ትልቋ ጉርሻውን ሳትውጥ እያንቀላፋች። ነገሩ የተለወጠው የልጆቹን እራት ከእኛ እራት ለይተን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲበሉ ስናደርግ ነው። ይህንን አንድ ነገር ስናስተካክል ሌላው ሁሉ ተከትሎ ስለተስተካከለ፣ አደራረጉን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ለምን ፀሐይ ሳትጠልቅ?

የመጀመሪያው ምክንያት እንቅልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን በቀንና ሌሊት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ፣ መተኛት ይኖርበታል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኬጂ መድረስ ያለባት ልጅ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሣለች እንበል፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከተኛች የሌሊት እንቅልፏ 9 ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆናል፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከተኛች ግን 11 ሰዓት ይሞላል። እንቅልፍ ያነሳት ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው ፈዝዛ አትቀመጥም፤ ትነጫነጫለች፣ ታስቸግራለች፣ በትንሽ በትልቁ ታለቅሳለች። ብዙ ወላጅ ይህንን ጥጋብ ወይም እልህ አድርጎ ይወስደዋል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ወባ ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ ሕፃን ልጅ ጨለማው ሳይበረታ አጎበር ውስጥ ሲገባ የሚጋለጥበት ሰዓት ያጥራል። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ብርሃን ነው፤ በቀን ብርሃን የሚበላ ልጅ መብራት ጠፋ አልጠፋ እራቱ አይስተጓጎልም። የእኛ ከተማ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተያዘ የምሽት ሥርዓት በክረምትም በበጋም ብዙ ሳይለወጥ ያገለግላል።

ሥራው የሚጀምረው ጠዋት ነው

በ11 ሰዓት ተኩል የልጆች እራት እንዲቀርብ ከተፈለገ፣ ምግቡ በ11 ሰዓት መሠራት የሚጀምር መሆን የለበትም። ጊዜ የሚወስደውን ሥራ ጠዋት ወይም ምሳ ሲሠራ አብሮ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ምስሩን መቀቀል፣ ዱባውን ወይም ድንቹን ማብሰል፣ ጎመኑን አጥቦና ከትፎ ማዘጋጀት የመሳሰለው ሥራ መብራት ባለበት ሰዓት ቢያልቅ፣ ማታ የሚቀረው ማሞቅ ብቻ ይሆናል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት፣ የበሰለ ምግብ ከጠዋት እስከ ማታ ማስቀመጥ ስለማይገባ፣ በዚህ ወቅት ጠዋት የሚዘጋጀው ያልበሰለው ክፍል ብቻ ይሁን፤ ክኩን መንከር፣ አትክልቱን ማጠብ፣ ዱቄቱን መንፋት እንኳ የማታውን ግማሽ ሰዓት ይቆጥባል።

የቀኑ ሸለብታ ከምሳ በኋላ ወዲያውኑ ቢሆንና ከ9 ሰዓት ባያልፍ መልካም ነው። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሶፋ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ አሳዝኖን ብንተወው፣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ሲጫወት እናገኘዋለን። በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ከመጣበት ከቤት ይዞ መውጣት ይረዳል፤ የሐይቁ ነፋስ በሚነፍስበት የዘንባባ ጥላ ሥር ትንሽ ማንሸራሸር ለልጁም ለያዘውም ሰው መንፈስ ያድሳል። ብቻ ትንኝ መውጣት ሳይጀምር ወደ ቤት ይመለሱ።

ከኬጂ የሚመለስ ልጅ እርቦት ስለሚመጣ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትንሽ መክሰስ ያስፈልገዋል። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ ወይም እርጎ ይበቃል። ብስኩትና ጣፋጭ ጭማቂ ግን ሆዱን ለአጭር ጊዜ አታሎ የእራት ፍላጎቱን ስለሚዘጋው፣ እኛ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ እንዳይገባ አድርገናል።

የልጆች እራት

የእራቱ ይዘት እንደ ዕድሜው ይለያያል። እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ በቂ ነው፤ ውኃም ቢሆን አያስፈልግም። ከ6 ወር ጀምሮ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል፤ ጡት ማጥባቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ቢቀጥል ይመከራል። በዚህ ዕድሜ የሚሠራው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ምግቡን ማቅጠን ነው። ቀጭን አጥሚት ትንሿን ሆድ በውኃ ሞልቶ ልጁን የጠገበ ያስመስለዋል፤ ሌሊት ግን እየራበው ይነቃል። ገንፎው ማንኪያው ዘንበል ሲል ቶሎ የማይፈስ መሆን አለበት። ለምጥኑ ዱቄት ከሦስት እጅ ሁለቱን እህል፣ ማለትም ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ ወይም በቆሎ፣ አንዱን እጅ ደግሞ ጥራጥሬ፣ ማለትም ተቆልቶ የተከካ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም አተር ማድረግ የተለመደ ነው፤ ገንፎው ሲበስል አንድ እንቁላል መምታት፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ማከል፣ የተቀቀለ ካሮት ወይም ጎመን ደቁሶ መጨመር ዱቄቱ ብቻውን የማይሰጠውን ያሟላል። ማር ግን 1 ዓመት ሳይሞላው ለልጅ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ተሕዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

1 ዓመት ያለፈው ልጅ ከቤተሰቡ ወጥ ይበላል፤ ለእርሱ የተለየ ድስት መጣድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱና ምስሩ ወይም ሽሮው ከተዋሐደ በኋላ በርበሬው ከመግባቱ በፊት የልጆቹን ድርሻ በትንሽ ድስት ቀንሶ ማስቀረት ነው። አልጫ ወጥ ከሆነ ደግሞ እንዲያውም ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል። እንጀራውን በመረቁ አርሶ በደንብ መፈትፈት፣ ፍትፍቱንም ልጁ በራሱ እጅ እንዲበላ ማቅረብ ጥሩ ነው። መፋሰሱ የማይቀር ስለሆነ ልጁ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ አንድ አሮጌ ጨርቅ ማንጠፍ ከመቆጣት ይሻላል።

በጣና ዳር ስለምንኖር ዓሣ ለልጆቻችን እራት ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሆኖም ብዙ እናቶች አጥንቱን ፈርተው እስከ 4 እና 5 ዓመት ድረስ አያቀምሱም። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፣ ግን መፍትሔም አለው። ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚሸጠው በሥጋው መሐል የተሰገሰጉ ጥቃቅን አጥንቶች ስላሉት ለትንሽ ልጅ አይመረጥም። ቆሮሶ አጥንቱ ትልልቅና በመሥመር የተደረደረ ስለሆነ ለመልቀም ይቀላል፤ አምባዛም እንዲሁ ነው፣ ነገር ግን ቅርፊት ስለሌለው የማይበላበት ቤት ስላለ ቆሮሶው ብቻውን ይበቃል። ዓሣውን በትንሽ ውኃ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው ቀቅለው ሲበርድ ነጭ ሳህን ላይ ያውጡት። ከጀርባው በኩል በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሥጋው በንጣፍ በንጣፍ ይላቀቃል። እያንዳንዷን ቁራጭ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል አድርገው ቀስ ብለው ይጫኗት፤ ለስላሳ ሆና ከተፈረፈረች ወደ ልጁ ሳህን ትሄዳለች፣ ጣትዎን ከወጋችው ወይም ጠንከር ያለ ክር መሳይ ነገር ከተሰማዎ ወደ ጎን ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ነው ከፍትፍቱ ጋር የሚቀላቀለው። ይህ ሥራ ከ10 ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ይሁን እንጂ በመስኮት በኩል የሚገባ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። በአምፖል ወይም በስልክ ባትሪ ብርሃን የዓሣ አጥንት መልቀም ልጅን አደጋ ላይ መጣል ስለሆነ፣ እኔ ፀሐይ ከጠለቀች ዓሣውን ለማግስቱ ምሳ አቆየዋለሁ እንጂ ለልጆቹ አልሰጥም።

በጾም ወራት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ስለሚጾሙ ድስቱና ማንኪያው እንዳይነካካ በሚል የልጆቹም እንቁላልና ወተት አብሮ የሚቋረጥበት ቤት ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሕፃናትን እንዲጾሙ አታስገድድም። ለልጆቹ አንድ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለይቶ ምልክት ማድረግ ችግሩን ከሥሩ ይፈታዋል፤ የእኛው ክዳኑ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ትንሽ ድስት ነው። በረመዷንም የልጆቹን እራት ከኢፍጣር በፊት ማብላት፣ ትልልቆቹ ሲያፈጥሩ ደግሞ ልጆቹ ተምር ይዘው አብረው እንዲቀመጡ ማድረግ ሁለቱንም ወገን ያሳርፋል። ለትንሹ ግን የተምሩን ፍሬ አውጥተው ሥጋውን በቀጭኑ ይቁረጡለት።

ሁለት ነገሮች ከልጆች እራት ይራቁ። አንዱ ሻይ ነው፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ሰውነት ከምግቡ ውስጥ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳይወስድ ስለሚያግድ፣ ለልጅ ውኃ ወይም ወተት ይሻለዋል። ሌላው ቆሎ ነው። ቡና ሲፈላ እንግዳ የዘገነውን ቆሎ በፍቅር ለሕፃን ያካፍላል፤ ነገር ግን ቆሎም ለውዝም መንጋጋው ያልጠነከረ ልጅ ሲስቅ ወይም ሲሮጥ በቀላሉ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። እስከ 5 ዓመት ድረስ ባይሰጥ ይመረጣል። እንግዳን መከልከል ያሳፍራል የምትል እናት፣ ከሰፌዱ ላይ ዳቦ ቆርሳ ለልጇ ቀድማ ብትሰጥ እጁ ሥራ ይይዛል።

አባትን ስለ መጠበቅ

ቤተሰብ በአንድ መሶብ ዙሪያ መብላቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆቹን ቀድሞ ማብላት ይህንን የሚያፈርስ የሚመስላቸው አያቶች አሉ፣ አማቴም መጀመሪያ ላይ «ልጁ ያለ አባቱ እንዴት ይበላል?» ብለው ከፍቷቸው ነበር። መልሳችን ይህ ነው፤ ሙሉው እራት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይበላል፣ አባት ልጆቹ ሳይተኙ ከደረሰ ግን ከእርሱ እጅ አንዳንድ ጉርሻ ይበላሉ። ጉርሻው ለፍቅር እንጂ ለጥጋብ አይደለም። ካልደረሰም የእርሱ ድርሻ ጠዋት ነው፤ ቁርሱን የሚያበላውና ወደ ኬጂ የሚያደርሳት እርሱ ነው። እሑድ ቀን ደግሞ ምሳውን ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን።

መታጠብ

ከእራት በኋላ እጅ፣ ፊትና እግር በሳሙና ይታጠባል፤ ሙሉ ገላ መታጠብ በየቀኑ አስፈላጊ አይደለም። ውኃ ለብ ሲደረግ ሁልጊዜ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ሳፋው ውስጥ ይግባ፣ የፈላው ከዚያ በኋላ ይጨመር፤ የፈላው ቀድሞ ከገባ ቀዝቃዛው እስኪመጣ ባለችው ቅጽበት ልጅ ሊቃጠል ይችላል። ሕፃንን ሳፋ ውስጥ ትቶ ፎጣ ለማምጣትም ቢሆን መሄድ አይገባም።

በሐይቁ ዳር ለሚኖሩና ውኃ ከጣና ለሚቀዱ ቤተሰቦች፣ በዘጌ አካባቢ ላሉትም ጭምር፣ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ቢልሃርዚያ በመጠጣት ብቻ የሚይዝ ይመስለናል፤ ነገር ግን ከቀንድ አውጣ የሚወጣው እጭ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው፣ ልጅን በሐይቅ ውኃ ማጠብም ለዚህ ያጋልጣል። ውኃው በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ለ2 ቀን ከተቀመጠ እጩ ስለሚሞት፣ ወይም ከፈላ በኋላ በርዶ፣ ለማጠቢያ ያገለግላል። ለመጠጥ ግን መቀመጡ ብቻ አይበቃም፤ መፍላት ወይም በማከሚያ መታከም አለበት።

አጎበሩ

በአካባቢያችን የወባ ዋናው ወቅት የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ሲሆን፣ አነስ ያለው ወቅት ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ይመጣል። በእነዚህ ወራት መስኮትና በር 12 ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋ፤ ልጆቹም ከእራት በኋላ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስና ረጅም ሱሪ ይልበሱ።

አጎበርን መስቀል ሁሉም ያውቅበታል፤ ጉዳቱ ያለው አዘጋጉ ላይ ነው። ፍራሹ መሬት ላይ ከሆነ የአጎበሩ ጫፍ ከፍራሹ ሥር ቢያንስ አንድ ስንዝር ገብቶ መሸጎጥ አለበት፤ ለይስሙላ ጫፉን ብቻ ማስገባት ልጁ አንዴ ሲገላበጥ ይወጣል። እኔ የምጀምረው ከግድግዳው በኩል ነው፤ እዚያ እጅ ስለማይደርስ መጨረሻ ላይ ሲተው ይረሳል። ከዚያ ከራስጌ፣ ከዚያ ከግርጌ፣ በመጨረሻም ልጁ ከገባ በኋላ ፊት ለፊት ያለውን ጎን እሸጉጣለሁ። ቀጥሎ እጄን በውስጥ በኩል በአራቱም ጎን አዞራለሁ። ልጁ እጁን ወይም እግሩን ከአጎበሩ ጋር አጣብቆ እንዳይተኛ በግድግዳው በኩል ትራስ ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው፣ ትንኟ በጨርቁ ቀዳዳ በኩል ልትናከስ ትችላለችና። ይህ ትራስ ግን 1 ዓመት ላለፈው ልጅ ነው፤ ከዚያ በታች ላለ ሕፃን ትራስ ሊያፍነው ስለሚችል አይደረግ።

አዲስ በኬሚካል የተነከረ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት ለ24 ሰዓት ጥላ ሥር ይናፈሳል። ሲቆሽሽ በተራ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ጥላ ሥር ይሰጣል፤ ፀሐይና በረኪና ኬሚካሉን ያዳክሙታል። እጣቢውንም ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ወንዝ አይድፉ፤ ለዓሣ መርዝ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሻማ አጎበር አጠገብ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። አምና በጥቅምት አንድ ማታ ሻማውን ኮመዲኖ ላይ አድርጌ ትንሹን ሳስተኛ ነፋስ አጎበሩን ገፋው፤ ጨርቁ አልነደደም፣ እንደ ላስቲክ ቀለጠ እንጂ፣ ጠብታውም ፍራሹ ላይ ከልጁ እግር አጠገብ ወደቀ። እጄ ቅርብ ስለነበር ሻማውን አጠፋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንጠቀመው በቀን በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ መብራት ነው። ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃም ለሙቀት ብለው ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል አያስገቡ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በታኅሣሥ ብርድ አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መደረብ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ሊያተኩሰው ይችላል። ከወትሮው በላይ የሞቀ ልጅ፣ በተለይ በወባ ወቅት፣ ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ ይመርመር፤ በቤት የቆየ የወባ መድኃኒት ገምቶ መስጠት ልጅን ሊያሳጣ ይችላል። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ወይም ካልነቃ፣ እስኪነጋ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል። የባጃጅ ሹፌር የሆነ ጎረቤት ካለ ስልኩን በር አጠገብ ግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍ በጨለማ ከመፈለግ ያድናል።

ተረት፣ ስልክና እንቅልፍ

ከእራት በፊት ያለው ጊዜ የእንቆቅልሽ ነው፤ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያሉ መጯጯህ ልጆችን ያነቃቃል፣ ስለዚህ አልጋ ላይ አይሆንም። አጎበር ውስጥ የሚሆነው ተረት ነው፤ አንድ ተረት ብቻ፣ በቀስታ ድምፅ፣ ቢቻል ለሳምንት ሙሉ ያው ተረት። ለትልቅ ሰው መደጋገሙ ይሰለቻል፣ ልጅ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ያሳርፈዋል። «ተረት ተረት» ስል ልጄ «የላም በረት» ብላ ትጀምራለች፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ካልኩ በኋላ ደግሞ መብራቱ እንደሚጠፋ ታውቃለች፣ ክርክርም የለም። አያት በቤት ካለች ይህ ሥራ የእርሷ ቢሆን ለሁሉም መልካም ነው፤ እናትም በዚያ ሰዓት ትንሹን እሹሩሩ እያለች ልታስተኛ ትችላለች።

ስልክ በተረት ቦታ አይተካ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን እንዳይሰጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። እራት ለማብላት ስልክ ማሳየት ለጊዜው ሥራ ያቀልላል፤ ነገር ግን ልጁ መጥገቡን ሳያውቅ ስለሚበላ፣ ስልኩ በሌለበት ቀን አፉን አይከፍትም። በእኛ ቤት ስልኮቹ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣሉ፤ የአባታቸው ስልክም ሲገባ እንዲሁ።

ከየት ይጀመር?

ልጆቹ 3 ሰዓት ላይ መተኛት ከለመዱ በአንድ ቀን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ማምጣት አይቻልም፤ ሲሞከር አልጋ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚያለቅስ ልጅ እና ተስፋ የቆረጠ ወላጅ ይተርፋል። በየ3 ቀኑ እራቱንም እንቅልፉንም በ15 ደቂቃ ቀደም ማድረግ በ18 ቀን ውስጥ ያደርሳል። ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው የጠዋቱ መነሻ ሰዓት ነው፤ ቅዳሜም እሑድም ጭምር በተመሳሳይ ሰዓት የሚነሣ ልጅ ማታ በራሱ ይደክማል። በዓል፣ ሠርግ፣ ክርስትና ወይም እንግዳ ሲመጣ ሥርዓቱ ይስተጓጎላል፤ ይስተጓጎል፣ በማግስቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እራቱ ከቀረበ ይመለሳል። የማታ ተረኛ የሆኑ ወላጆች ደግሞ ልጆቹን ለሚጠብቀው ሰው ሰዓቶቹን በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉለት፣ ሰው ቢቀያየርም ልጆቹ ግራ አይጋቡም።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለጠዋቱ የሚቀሩት ሥራዎች ጥቂት ናቸው። የትልቋ ዩኒፎርም ከነካልሲው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የምሳ ዕቃዋ ታጥቦ ይደፋል፣ ለጠዋቱ ገንፎ የሚሆነው ዱቄት በኩባያ ይለካል፣ የፈላ ውኃ ፔርሙዝ ውስጥ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቴ በሩን የሚያንኳኳው ፔርሙዙን እየከደንኩ እያለ ነው፤ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ በአጎበሩ በኩል ልጆቹን ያያል፣ ከዚያም መሶቡን አቅርበን እራታችንን እንበላለን።